የጉለሌን ወንዞች የያዘው ጋቢዮን

በሽቦ መረብ ሣጥን ውስጥ ድንጋይ ታጭቆ የሚሠራው ጋቢዮን፣ ከእንጦጦ ግርጌ በተንጣለለው በጉለሌ ክፍለ ከተማ ለወንዝ ዳር ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። አሠራሩ ቀላል ነው። ዝገት እንዳይበላው በዚንክ ከተለበጠ ሽቦ፣ ስድስት ማዕዘን ዓይን እያወጡ መረብ ይሠራሉ፤ መረቡን ወደ ሣጥን ይለውጡታል፤ አንዱ ሣጥን በአብዛኛው 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከፍታ አለው። ከዚያ ጠንካራ ድንጋይ በእጅ እየደረደሩ ይሞሉትና ክዳኑን ከጎረቤቱ ሣጥን ጋር አያይዘው ይሰፉታል። ጋቢዮን በዚህ መልኩ የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በጣሊያን ቦሎኛ አጠገብ የሬኖን ወንዝ ዳርቻ ለመጠገን ከዋለ ወዲህ ነው። ነገር ግን ጋቢዮን ስለተደረደረ ብቻ ዳርቻው ዳነ ማለት አይደለም። የሚያድነው ከሥሩ በቂ ጥልቀት ሲኖረውና ለወንዙ ቦታ ሲተውለት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ዳርቻ እንዴት እንደሚናድ ማየት ያስፈልጋል። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ መስቀል አደባባይ ደግሞ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀጨኔን የመሰሉ ወንዞች ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርዱት፣ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በሚጥልበት በክረምት ወራት ሞልተው ነው፤ ጣሪያው፣ አስፋልቱና ኮብልስቶኑ ደግሞ መሬት ሊመጥ የሚችለውን ውሃ ሳይቀር ወደ ወንዙ ያጣድፈዋል። የውሃ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ሊያንከባልለው የሚችለው ድንጋይ ክብደት 64 እጥፍ እንደሚያድግ የታወቀ የምህንድስና ስሌት አለ። ስለዚህ ትንሽ የፍጥነት ጭማሪ ትልቅ ጥፋት ነው። ጎርፉ በመጀመሪያ የዳርቻውን ሥር ይበላል፤ ከላይ ያለው አፈር ተንጠልጥሎ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ናዳው የሚመጣውም ወንዙ ሞልቶ ሳለ ሳይሆን ከጎደለ በኋላ ነው፤ ውሃ የጠጣው አፈር ከብዶ፣ ደግፎት የነበረው ውሃ ግን ስለሸሸ ነው። ዝናቡ አባርቶ ሰው እፎይ ሲል አደጋው የሚከተለው ለዚህ ነው።

ጋቢዮን ከሲሚንቶ ግንብ የሚሻልበት ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ግንቡ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ በበቂ ካልተተወለት፣ ከጀርባው የታቆረው ውሃ ገፍቶ ይጥለዋል፤ መሠረቱ ትንሽ ከሰመጠም ይሰነጠቃል። ጋቢዮን ግን ውሃውን በድንጋዮቹ መካከል ያሳልፋል፣ ሲሰምጥም እንደ ሥፍራው እየተጣጠፈ ቅርጹን ያስተካክላል። ከጀርባው የማጣሪያ ጨርቅ ወይም ጠጠር ከተደረገለት አፈሩም አይታጠብም። ሆኖም እግሩ ከወንዙ ወለል በታች በቂ ካልተቆፈረ፣ ወይም ከፊቱ ወደ ወንዙ የሚዘረጋ ጠፍጣፋ ጋቢዮን ካልተነጠፈለት፣ ጎርፉ ከሥሩ ገብቶ ሙሉውን ረድፍ ወደ ወንዙ ያጋድመዋል። ከላይ የሚታየው ከፍታ ሰውን ያሳምን ይሆናል፣ ወንዙን የሚመክተው ግን የማይታየው ክፍል ነው።

ሽቦው ይዝጋል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። በከተማው ወንዞች የሚወርደው ፍሳሽ ዝገቱን ያፋጥነዋል፣ ጎርፉ የሚያንከባልለው ድንጋይና ግንድም ሽቦውን ይበጥሳል። ለዚህ መልሱ በፕላስቲክ የተሸፈነ ሽቦ መጠቀም፣ በየክረምቱ መጨረሻ የተበጠሰውን መጠገን፣ ከላይ ባለው ተዳፋት ላይም ሥሩ አፈር የሚይዝ ተክል ማልማት ነው። የደጋ ቀርከሃ ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሚስማማው ለጉለሌ ምቹ ነው። ተክሉ የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ነው፤ ጋቢዮኑ ያን ጊዜ ይገዛለታል።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው፤ መሬት ውድ በሆነበት ከተማ ለወንዝ ቦታ መተው ብክነት ነው፣ ይልቅ በኮንክሪት አጥሮ ዳርቻውን መጠቀም ይሻላል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ወንዝ ሲጠብብ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ምን እንደሚሆን 64 እጥፍ የሚለው ስሌት ነግሮናል። ለስላሳው ግድግዳም ጎርፉን ሳያዳክመው ወደ ታችኛው ሰፈር ያሻግረዋል። የተሸረሸረው አፈርም አይጠፋም። የቀጨኔ ውሃ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል፣ የአቃቂ ወንዞች ደግሞ ደለላቸውን የሚያራግፉት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ ነው፤ ግድቡን ደለል ምን ያህል እንደጎዳው የታወቀ ነው። ቤቶች ወንዙን ተጠግተው በተሠሩባቸው ቦታዎች ጋቢዮኑን በደረጃ እያሳነሱ መደርደር አማራጭ ነው፤ ዘላቂው ግን በእንጦጦ ሸለቆዎች ትናንሽ የድንጋይ ክትሮችን መሥራትና በተራራው ባሕር ዛፍ ሥር የተራቆተውን መሬት በአገር በቀል ተክል መሸፈን ነው።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ወንዝ የሚያለማው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ለመሥራት መልካም አጋጣሚ ነው። የጉለሌ ወንዝ ዳር ነዋሪዎችም በሰፈራችሁ የድጋፍ ሥራ ሲጀመር፣ ስንት ሜትር ከፍ ይላል ከማለታችሁ በፊት እግሩ ስንት ሜትር እንደተቆፈረ ጠይቁ፤ መሠረቱ በአፈር ሳይሸፈንም ቆማችሁ እዩ።