ሃያ ሰማንያ ስንት ነው?

ከሰሚት እስከ አያትና ቦሌ አራብሳ ያለ ልጅ ትምህርት ቤት ክፍልፋይ ከመማሩ በፊት ሃያ ሰማንያና አርባ ስልሳ ሲባል ይሰማል። የሚኖርበት ቤት የሚጠራው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ስለዚህ የሰፈር ልጆችን ሳስጠና ክፍልፋይን ከዚሁ እጀምራለሁ። ቤት ውስጥ የምታስጠኑ ወላጆች እንድትሞክሩት መንገዱን ላካፍላችሁ።

ደብተር ላይ 20/80 ብዬ እጽፋለሁ። ከሰረዙ በታች ያለው ታህት ይባላል፤ ሙሉው ነገር በስንት እኩል ቦታ እንደተከፈለ ይናገራል። ከሰረዙ በላይ ያለው ላዕል ነው፤ ከእነዚያ ክፍሎች ስንቱን እንደወሰድን ይናገራል። ቀጥሎ እናቃልላለን። ላይና ታቹን ለ20 ስናካፍል 1/4 ይሆናል። ሩብ ማለት ነው።

አንዲት ተማሪ እዚህ ላይ እርሳሷን አስቀምጣ "እና እማዬ መጀመሪያ የከፈለችው የቤቱን ሩብ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም! መልሱ አይደለም ነው።

በ2005 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ቤቶች ምዝገባ ላይ ሦስት አማራጮች ነበሩ፦ 10/90፣ 20/80 እና 40/60። በሃያ ሰማንያ ቤት ፈላጊው 20 በመቶውን ቆጥቦ በቅድሚያ ይከፍላል፤ 80 በመቶው የባንክ ብድር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 100 ይሆናሉ። ስለዚህ ሙሉው ቤት 100 እንጂ 80 አይደለም። ቅድመ ክፍያው 20/100፣ ሲቃለል 1/5 ነው።

ታዲያ 1/4 ከየት መጣ? እሱም ውሸት አይደለም። ቅድመ ክፍያው የቤቱ አንድ አምስተኛ፣ የብድሩ ደግሞ ሩብ ነው። ብሩ ያው ነው፤ የተለየው ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ነው። ለስሌት እንዲመች ቤቱ 500,000 ብር ነው እንበል። ቅድመ ክፍያው 100,000፣ ብድሩ 400,000 ይሆናል። 100,000 የ500,000 አንድ አምስተኛ፣ የ400,000 ደግሞ ሩብ ነው። ክፍልፋይን ሸምድደው ያለፉ ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ጋ ይመስለኛል። ማቃለል ይችላሉ፤ "የምን?" ብለው አይጠይቁም።

በዚያው ቁጥር ሌላም ነገር ይታያል። 1/4 ይበልጣል ወይስ 1/5? ብዙ ልጅ 5 ከ4 ስለሚበልጥ 1/5 ይላል። የ500,000 ሩብ 125,000፣ አንድ አምስተኛው 100,000 መሆኑን ራሱ አካፍሎ ሲያገኘው ግን ታህቱ በጨመረ ቁጥር እያንዳንዱ ድርሻ እንደሚያንስ ዳግመኛ መንገር አያስፈልግም።

ከባዱ መደመር ነው። 1/2 + 1/3 ስንት ነው ሲባል ላይን ከላይ፣ ታችን ከታች ደምሮ 2/5 የሚል ልጅ ብዙ ነው። አትቆጡት። 2/5 ከግማሽ እንደሚያንስ አሳዩት፤ ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ ያነሰ እናገኛለን? እዚህ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ከባሕረ ሐሳብ የምወስደው ግሩም ነገር አለ። አባቶቻችን ዘመን ሲቆጥሩ አንዱን ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል። ግማሽ ዕለት 30 ኬክሮስ፣ ሲሶው 20፣ ሩቡ 15 ነው። 60 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5ም ለ6ም ያለ ቀሪ ስለሚካፈል እነዚህ ክፍልፋዮች ሁሉ በአንድ መስፈሪያ ይገባሉ። ግማሽና ሲሶ 30 ሲደመር 20፣ 50 ኬክሮስ ነው። 50/60፣ ሲቃለል 5/6። የጋራ ታህት የሚባለው ይኸው ነው። ልጁ በደንብ ከገባው በኋላ በ60 ፈንታ 6ን ራሱ ያገኘዋል፤ አትቸኩሉ።

ጳጉሜን 6 የምትሆነውም በዚሁ ሒሳብ ነው። ዓመቱ ከ365 ቀን አልፎ ሩብ ዕለት ያህል፣ ማለትም 15 ኬክሮስ ይተርፈዋል። አራት ዓመት ሲጠራቀም 60 ኬክሮስ፣ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። ይህች ቀን በአራት ዓመት አንዴ በሚመጣው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ትጨመራለች፤ በ2015 ዓ.ም. እንዳየናት።

ለዛሬ ማታ 40/60ን እና 10/90ን ስጧቸው። ቆጣቢው የቤቱን ስንት ክፍል ይከፍላል? ቁጠባው የብድሩስ ስንት ክፍል ነው? ለ40/60 መልሶቹ 2/5 እና 2/3 ናቸው። 10/90 ላይ ለሁለቱም ጥያቄ 1/9 ካሏችሁ መልሱን አትንገሯቸው፤ "ሙሉው ቤት ስንት ነው?" ብላችሁ ብቻ ጠይቋቸው።