ጨውና ዩሪያ፦ መልካቸው አንድ፣ ትስስራቸው ለየቅል

እስኪ አንድ ማንኪያ ጨውና አንድ ማንኪያ ዩሪያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ። ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? አቶሞቻቸው በተያያዙበት መንገድ ላይ ነው። እነዋሪ ላይ ስንዴ ለሚዘራ ገበሬ ደግሞ ይህ ልዩነት የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ጨው አዮናዊ ውህድ ነው። ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪን ይሰጣል፤ ሰጪው ፖዘቲቭ፣ ተቀባዩ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን ይሆናል። ተቃራኒ ቻርጆች ስለሚሳሳቡ እያንዳንዱ አዮን በዙሪያው ያሉትን አጥብቆ ይይዛል። ጨውን ለማቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን አዮኖቹ ይለያያሉ፤ የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውም በእነሱ ነው።

ዩሪያ ኮቫለንታዊ ውህድ ነው። ካርቦን፣ ኦክስጅን፣ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ኤሌክትሮን ይጋራሉ እንጂ አይሰጣጡም። በሞለኪውሉ ውስጥ ያለው ትስስር ጠንካራ ነው፤ አንዱ ሞለኪውል ከሌላው ጋር ያለው መሳሳብ ግን ደከም ያለ ነው። ስለዚህ 133 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ሲሟሟም ሞለኪውሉ እንዳለ ይቆያል፤ ቻርጅ የለውም።

አሁን ወደ ማሳው እንሂድ። የእነዋሪ ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ በሸክላ ቅንጣት የተሞላ ነው፤ የሸክላው ገጽ ደግሞ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ቻርጅ የሌለውን ዩሪያ አጥብቆ አይይዝም። ገበሬው የክረምቱን ውሃ ለማጠንፈፍ በመደቦቹ መካከል ባወጣው ቦይ ጎርፍ ሲወርድ፣ ገና የተበተነ ዩሪያም አብሮ ይሄዳል።

ጥቂት ቀናት ካገኘ ግን ዩሬዝ የተባለ ኢንዛይም ዩሪያን ወደ አሞኒየም ይለውጠዋል። አሞኒየም ፖዘቲቭ አዮን ስለሆነ ሸክላው ይይዘዋል። ለውጡ የተካሄደው ከአፈሩ በላይ ከሆነ ደግሞ ከፊሉ የአሞኒያ ጋዝ ሆኖ ይተናል።

እንግዲህ ዩሪያ ስትጨምሩ መሬቱ እርጥብ ይሁን፤ ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ ወይም ከባድ ዝናብ ሊመጣ ሲል አትበትኑ፤ ከበተናችሁም በኋላ አፈር አልብሱት።

በሬ ለምታደልቡ ደግሞ አንድ ነገር፦ ዩሬዝ በከብት ጨጓራ ውስጥም አለ። ጨው መስሎ የቀረበለትን ዩሪያ የላሰ ሰንጋ፣ በአሞኒያ ተመርዞ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሁለቱን ነጮች አንድ ቦታ አታስቀምጡ።