ነቃሽ የግድ ተነቃሽ መሆን አለበትን?

በጁባ ጎዳናዎች የሚመላለስ ወታደር በአንዳንድ የኑዌር ወንዶች ግንባር ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተዘረጉ ስድስት ጠባሳዎችን ያስተውላል። «ጋር» የሚሰኘው ይህ ምልክት ወጣቱ ለአቅመ አዳም መድረሱን ያመለክታል። በአገራችንም እናቶቻችን ግንባራቸውን፣ አንገታቸውንና ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ነቃሿም ብዙውን ጊዜ ራሷ የተነቀሰች ነበረች።

ከዚህ በመነሣት፣ ንቅሳትን በሙያነት ሊይዝ የሚሻ ወጣት አስቀድሞ ገላውን በንቅሳት መሸፈን አለበት የሚሉ አሉ። በእኛ አስተያየት፣ ሕመሙን የቀመሰ ነቃሽ ለሌላው እንደሚራራ አይካድም። ነገር ግን ሙያ በልብ ነው። ተለማማጁ እጁን የሚያፍታታው በብርቱካን ልጣጭና በሰው ሠራሽ ቆዳ ላይ ሲደጋግም ነው፤ ከሁሉ በፊትም ንጽሕናን መማር ይኖርበታል። ለብዙ ሰው የዋለ መርፌ ኤች አይ ቪንና ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት በሽታ ያስተላልፋል። ወታደሩ ከግዳጅ ሲመለስም በሽታው አብሮት ወደ ቤቱ ይገባል።

ስለሆነም ውድ የሠራዊታችን አባላትና እኅቶች፣ መነቀስ ብትሹ የነቃሹን ክንድ አይታችሁ ብቻ አትመኑት። መርፌው ከነእሽጉ በፊታችሁ ይከፈት፤ ቀለሙም ለእናንተ ብቻ ይቀዳ። ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ገላችሁን አትስጡት።