የማኔጅመንት ዲግሪና የመንግሥት ሠራተኛው

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ሰዓት 11፡30 ላይ ሲያበቃ፣ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ማታ ትምህርት የሚያመሩ ሠራተኞች ቁጥር ጥቂት አይደለም። ከሚማሯቸው መስኮች መካከል ማኔጅመንት በሠራተኛው ዘንድ በስፋት የሚታወቅ ነው። ከሰው ሀብት አስተዳደር እስከ ግዥና ንብረት፣ ከዕቅድ ዝግጅት እስከ ጠቅላላ አገልግሎት ባሉት መደቦች የሚወጡ የክፍት ሥራ ማስታወቂያዎች «በማኔጅመንት ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ የተመረቀ» የሚል መስፈርት ማካተታቸው ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው።

ይሁንና ከምዝገባ በፊት ሳይጣሩ የታለፉ ጉዳዮች የዓመታት ድካም ውጤት የሆነውን ዲግሪ ዋጋ ሊያሳጡት ይችላሉ። ሠራተኛው ለደረጃ ዕድገት ሲወዳደር የትምህርት ማስረጃው ተቀባይነት እንደሌለው የሚነገረው፣ ገንዘቡም ጊዜውም ካለፈ በኋላ ነው።

በአገሪቱ የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን የዕውቅና ፈቃድ የመስጠትና የመቆጣጠር ኃላፊነት ያለበት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ብዙዎች የሚስቱት ዐቢይ ነጥብ ፈቃዱ ለአንድ ተቋም በጅምላ የሚሰጥ አለመሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ እንዲሁም በመደበኛ፣ በማታና በርቀት ለሚሰጠው ትምህርት ተለይቶ ይሰጣል። በመሆኑም አንድ ኮሌጅ አዲስ አበባ በሚገኘው ካምፓሱ ማኔጅመንትን በመደበኛ መርሐ ግብር ለማስተማር ያገኘው ፈቃድ በሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ከፍቶ ትምህርቱን በርቀት እንዲሰጥ አያስችለውም። ፈቃዱ የጊዜ ገደብም ያለው ነው። ስለዚህ ተመዝጋቢው የኮሌጁን ስም ሰምቶ ከመርካት ይልቅ፣ እርሱ የሚማርበት ካምፓስ፣ መስክና መርሐ ግብር ፈቃድ እንዳላቸውና ፈቃዱም እንዳልተቃጠለ ከባለሥልጣኑ ማረጋገጥ ይኖርበታል። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የፈቃድ ቅጂ ለዚህ በቂ አይሆንም።

የመግቢያ መስፈርቱም የዚያኑ ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ12ኛ ክፍል ለሚገቡ ትምህርት ሚኒስቴር ለየዓመቱ የሚወስነው የመቁረጫ ነጥብ አለ። ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ለሚመጡ ደግሞ የብቃት ምዘና ፈተና ማለፍ ይጠየቃል። የትምህርት ማስረጃ ሲጣራ የሚታየው የዲግሪው ወረቀት ብቻ ስላልሆነ፣ ተማሪው ሲገባ የነበረው ጉድለት ከተመረቀ በኋላም ይከተለዋል። ተቋሙ መዝግቦ ማስተማሩ ጉድለቱን አይሽረውም።

ትምህርቱ ራሱ ከሚገመተው በላይ ሰፊ ነው። ማኔጅመንት ሒሳብ የማይወዱ ሰዎች መስክ ነው የሚለው የቆየ ግምት መሠረት የለውም። ተማሪው ከሥራ አመራር መሠረታዊ ሐሳቦች፣ ከሰው ሀብት አስተዳደርና ከግብይት ጋር የሒሳብ መዝገብ አያያዝን፣ ኢኮኖሚክስን፣ ስታቲስቲክስን፣ የፋይናንስ አስተዳደርንና ኦፕሬሽንስ ሪሰርችን ይወስዳል። ከትምህርት ቤት ከወጡ ዓመታት ያስቆጠሩ ሠራተኞች በብዛት የሚቸገሩትም በእነዚሁ የስሌት ትምህርቶች ነው። የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ ሌላው ፈተና ነው።

በሌላ በኩል ሠራተኛው ከወጣቱ ተማሪ የሚበልጥበት ነገር አለ። በንብረት ክፍል ለዓመታት የሠራ ሰው ስለ ክምችት ቁጥጥር ሲማር፣ በመጋዘን አቧራ የጠጡትን ዕቃዎችና አልቆ የጠፋውን ወረቀት በዐይነ ኅሊናው ያያል። ቀመሩም በምን ያህል ዕቃ ላይ ትዕዛዝ መስጠት እንደሚገባ ሲያሳየው ትርጉሙ ወዲያው ይገባዋል። ይሁን እንጂ ልምዱ የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። መማሪያ መጻሕፍቱ የተዘጋጁት በአመዛኙ ትርፍ ለማግኘት የሚሠራ ድርጅትን ታሳቢ አድርገው ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን በተፈቀደለት በጀት የሚሠራ ሲሆን፣ ሠራተኛ የሚቀጥረውም ሆነ ዕቃ የሚገዛው በአዋጅና በመመሪያ መሠረት ነው። በፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ተማሪ «ትርፍ» እና «የዋጋ ቅናሽ» የሚሉትን ሐሳቦች ከበጀት ሒሳብ ጋር ቢያምታታ አያስደንቅም። ሙሉ በሙሉ በመንግሥት አገልግሎት ለመቆየት ያሰበ ሠራተኛ፣ የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ለሥራው ይበልጥ ይቀርብ እንደሆነ አስቀድሞ ቢመዝን ይጠቀማል። በግል ድርጅት ወይም በባንክ የመሥራት ዕቅድ ላለው ደግሞ ማኔጅመንት ሰፋ ያለ በር ይከፍታል።

የትምህርቱ ዘመን በተለያዩ ወቅቶች ተለዋውጧል። ለዓመታት ሦስት ዓመት የነበረው የመደበኛ መርሐ ግብር፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶች የሚሰጡበት ሆኖ ወደ አራት ዓመት ከፍ ብሏል። በማታ የሚማሩ በአንድ መንፈቅ የሚወስዱት ትምህርት አነስተኛ ስለሚሆን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስድባቸዋል።

ይህ የጊዜ ርዝመት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተለየ ክብደት አግኝቷል። በዚያ ዓመት የመንግሥትና የግል ተቋማት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ ከመመረቃቸው በፊት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ተደርጓል። ለማለፍም ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ግዴታ ነው። የተቋሙን ትምህርቶች በሙሉ በጥሩ ውጤት ያጠናቀቀ ተማሪ ይህን ካላለፈ ዲግሪውን አይቀበልም፤ እንደገና መፈተን ግን ይችላል። ፈተናው በየዓመቱ የተወሰዱ ዋና ዋና ትምህርቶችን አጠቃሎ የሚይዝ በመሆኑ፣ በማታ ለሚማር ሠራተኛ ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈውን ስታቲስቲክስ ወይም የሒሳብ መዝገብ አያያዝ እንደገና መክፈት ማለት ነው። የመማሪያ ማስታወሻን በየመንፈቁ መጨረሻ ከመጣል ይልቅ ማኖር፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ተማሪዎችም በምሳ ሰዓት ተሰባስበው ማጥናታቸው ሸክሙን ያቀልላል።

በትምህርቱ ማብቂያ ላይ የሚዘጋጀው የጥናት ጽሑፍ ለመሥሪያ ቤቶችም ጥቅም ሊሰጥ የሚችል ነው። በአብዛኛው ግን ከቀደሙት ተማሪዎች የተገለበጠ በሚመስል ርዕስ ተሠርቶ ከመደርደሪያ ላይ ይቀራል። የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የግዥ ጥያቄ ከቀረበበት ዕለት አንሥቶ ዕቃው መጋዘን እስኪገባ ምን ያህል ቀን እንደሚፈጅና በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚዘገይ እንዲያጠና ለተማሪ ሠራተኛው መዝገቡን ቢከፍትለት፣ ተማሪው ከሰነድ የተገኘ መረጃ ያገኛል፤ ጽሕፈት ቤቱም መዘግየቱ የተፈጠረበትን ቦታ ያውቃል።