የውጭ አገር ተዋንያን በአሜሪካዊ ሚና

በአሜሪካ ፊልምና ቴሌቪዥን ከአሜሪካ ውጭ ተወልደው ያደጉ ተዋንያን አሜሪካዊ ሆነው እንዲጫወቱ መምረጥ ለረጅም ዘመን የቆየ ልማድ ነው። ከእነዚህ ተዋንያን ብዙዎቹ የሚመጡት እንግሊዝኛ ከሚነገርባቸው አገሮች፣ በተለይም ከብሪታኒያ፣ ከአየርላንድ፣ ከካናዳና ከአውስትራልያ ነው። ልማዱ በአንድ በኩል የትወና ችሎታ ማሳያ ተደርጎ ይወደሳል። በሌላ በኩል ደግሞ የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክ በሚተረክባቸው ፊልሞች ላይ «የማንን ታሪክ ማን ይጫወተው?» የሚል ክርክር አስነስቷል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪክ

ከቀደምት ምሳሌዎች እጅግ ታዋቂው በ1939 የወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነው። የጆርጂያ ክፍለ ሀገሯን ስካርሌት ኦሃራን የተጫወተችው ሕንድ ውስጥ በዳርጂሊንግ ከተማ የተወለደችው እንግሊዛዊት ቪቪየን ሊ ነበረች። በዚህ ሥራ የኦስካር ሽልማት አገኘች። በ1951 «ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር» በተባለው ፊልም ዳግመኛ የደቡብ አሜሪካ ግዛት ሴት ሆና በመጫወት ሁለተኛውን ኦስካር ወሰደች።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችም ሳይቀሩ በውጭ ተዋንያን ተሠርተዋል። የዌልስ ተወላጁ አንቶኒ ሆፕኪንስ በ1995 ሪቻርድ ኒክሰንን፣ የለንደን ተወላጁ ዳንኤል ዴይ ሉዊስ ደግሞ በ2012 አብርሃም ሊንከንን ተጫውተዋል። ዴይ ሉዊስ በሊንከን ሚናው ለሦስተኛ ጊዜ የምርጥ ተዋናይ ኦስካር ተሸልሟል። በ2014 በወጣው «ሴልማ» ማርቲን ሉተር ኪንግን፣ ባለቤቱን ኮሬታን፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንንና የአላባማውን ገዢ ጆርጅ ዋላስን የተጫወቱት አራቱም ተዋንያን ብሪታኒያውያን ናቸው።

በቴሌቪዥን ረገድ በ2002 የጀመረው «ዘ ዋየር» ይጠቀሳል። የባልቲሞር ከተማን ሕይወት በሚያሳየው በዚህ ተከታታይ ድራማ ውስጥ የፖሊስ መርማሪው ዶሚኒክ ዌስት፣ የዕፅ ነጋዴው ደግሞ ኢድሪስ ኤልባ ነበሩ። ሁለቱም እንግሊዛውያን ናቸው። በ2004 በጀመረው «ሃውስ» ሐኪሙን የተጫወተው ሂው ሎሪም እንግሊዛዊ ነው። ሎሪ ለፈተና የላከውን ቪዲዮ የቀረጸው ናሚቢያ ውስጥ በሆቴል መታጠቢያ ቤት ሆኖ ሲሆን፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ ቪዲዮውን አይቶ እውነተኛ አሜሪካዊ መስሎት እንደነበር ይነገራል።

የአነጋገር ዘዬ

ለውጭ ተዋናይ ዋናው ፈተና አነጋገር ነው። በደቡብ እንግሊዝ አነጋገር በቃል መጨረሻ ላይ ያለው «ር» አይሰማም፤ መኪና ማለት የሆነው «ካር» «ካ» ተብሎ ይጠራል። አብዛኛው አሜሪካዊ ግን «ር»ን አጉልቶ ያሰማል። እንዲሁም በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለው «ት» በአሜሪካውያን አፍ ወደ «ድ» ይጠጋል፤ ውሃ ማለት የሆነው «ዋተር» «ዋደር» የሚል ይመስላል። ከዚህም በላይ የጆርጂያው፣ የቦስተኑና የቴክሳሱ አነጋገር አንድ አይደለም። ስለዚህ ተዋንያኑ በአነጋገር አሠልጣኝ ይታገዛሉ። አንዳንዶች ቀረጻው እስኪያልቅ ድረስ ከሥራ ውጭም በአሜሪካዊ ዘዬ ብቻ ይናገራሉ።

ለምን ይመረጣሉ?

አንደኛው ምክንያት ሥልጠና ነው። በለንደን በ1904 የተመሠረተውን የድራማ አካዳሚ የመሳሰሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪን በመድረክ ቴአትር፣ በድምፅና በአነጋገር ያሠለጥናሉ። ሁለተኛው፣ የአሜሪካ ፊልም በመላው ዓለም ስለሚታይ የውጭው ተዋናይ የአሜሪካን እንግሊዝኛ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያድጋል። ሦስተኛው፣ ተዋናይ ራሱን ቀርጾ በኢንተርኔት መላክ ስለቻለ ርቀት እንደ ድሮው አያግድም።

ሌላው ምክንያት በአገር ቤት የሥራ ማጣት ነው። ኢድሪስ ኤልባ በ2016 በብሪታኒያ ፓርላማ ባደረገው ንግግር፣ ወደ አሜሪካ የሄደው በአገሩ ለእርሱ የሚሆን በቂ ሚና ስላልነበረ መሆኑን ገልጿል።

ሆኖም መንገዱ ክፍት ብቻ አይደለም። የውጭ ተዋናይ በአሜሪካ ለመሥራት የሥራ ቪዛ ያስፈልገዋል። ልዩ ችሎታ ላላቸው ሰዎች የሚሰጠውን ቪዛ ለማግኘት በፊልምና በቴሌቪዥን ዘርፍ የሚመለከተው የሠራተኛ ማኅበር አስተያየት ይጠየቃል። የዚህም ዓላማ የአገሬውን ሠራተኛ ጥቅም መጠበቅ ነው።

ክርክሩ

በ2017 ስለ አሜሪካ ዘረኝነት የሚተርከው «ጌት አውት» ሲወጣ፣ መሪ ተዋናዩ ከዑጋንዳውያን ወላጆች የተወለደው እንግሊዛዊ ዳንኤል ካሉያ ነበር። አሜሪካዊው ተዋናይ ሳሙኤል ኤል ጃክሰን በሬዲዮ ቃለ ምልልስ፣ ዘረኝነቱን አገሩ ላይ የኖረ አሜሪካዊ ቢጫወተው ፊልሙ ምን ይመስል ነበር ሲል ጠየቀ። በኋላም ነቀፋው በሆሊውድ አሠራር ላይ እንጂ በተዋንያኑ ላይ እንዳልሆነ አስረዳ። ካሉያ በበኩሉ ጥቁር መሆኑን ማስረጃ እያቀረበ ማሳየት እንደሌለበት ተናገረ። በ2019 ደግሞ ከባርነት ነጻ አውጪዋን ሃሪየት ተብማንን እንግሊዛዊቷ ሲንቲያ ኤሪቮ እንድትጫወት በመመረጧ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር።

ተቺዎች እንደሚሉት ለጥቁር አሜሪካውያን ክብደት ያለው ሚና የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ እርሱም ለውጭ ሰው ሲሰጥ የታሪኩ ባለቤቶች ሁለት ጊዜ ይጎዳሉ። ደጋፊዎች ደግሞ ትወና ማለት ራስን ያልሆኑትን ሰው መሆን ነው፤ ዘረኝነትም የአሜሪካ ብቻ አይደለም ይላሉ።

ሩት ነጋ

ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ ያደገችው በአየርላንድና በእንግሊዝ ነው። በ2016 በወጣው «ላቪንግ» የቨርጂኒያዋን ሚልድሬድ ላቪንግን ተጫውታለች። ሚልድሬድና ነጭ ባለቤቷ ሪቻርድ በ1958 በመጋባታቸው ታስረው፣ ክሳቸው በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዘር ልዩነት ጋብቻን የሚከለክሉ ሕጎችን እንዲሽር ምክንያት ሆኗል። የሪቻርድ ሚና የተሰጠው ለአውስትራልያዊው ጆኤል ኤጀርተን ነው። ሩት ነጋ በዚህ ሥራዋ ለምርጥ ተዋናይት ኦስካር ዕጩ ሆናለች።

በተቃራኒው

አሜሪካውያንም የሌላ አገር ሰው ሆነው ይጫወታሉ። ሬኔ ዜልዌገር በ2001 የለንደኗን ብሪጅት ጆንስን፣ ሜሪል ስትሪፕ በ2011 የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን ማርጋሬት ታቸርን ተጫውተዋል። ስትሪፕ በታቸር ሚናዋ ኦስካር ተሸልማለች።