ለሰዓታት የማይነቃነቀው ቴርሞሜትር

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በተለይም በሰሜን ካሮላይናና በቴነሲ፣ የአሳማ ሥጋን በእንጨት ጭስ ቀስ አድርጎ ማብሰል ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሙያ ነው። ለዚህ ሙያ በብዛት የሚመረጠው ብልት ወርቹ ነው። 4 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ወርች አጥንቱ ሳይወጣ ጨውና ቅመም ታሽቶበት፣ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል በሚሞቅና ጭስ በሞላበት ዝግ ምድጃ ውስጥ ይቀመጥና ከ10 ሰዓት በላይ ይቆያል። በሀገራችን አብዛኛው ሰው በሃይማኖቱ ሥርዓት መሠረት የአሳማ ሥጋ እንደማይመገብ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ቀጥለን የምናነሣው ጉዳይ ለበሬም ሆነ ለበግ ወርች እኩል የሚሠራ በመሆኑ፣ ውድ አንባቢያን ነገሩን እንደ ምግብ ሳይሆን እንደ ፊዚክስ ጥያቄ እንዲመለከቱልን እንጠይቃለን።

ጥያቄው የሚነሣው ከቴርሞሜትሩ ነው። በሥጋው መሐል የተሰካ ቴርሞሜትር ከማቀዝቀዣ እንደወጣ 4 ዲግሪ ያህል ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ንባቡ ያለማቋረጥ ይጨምራል፤ 30፣ 45፣ 60 ይላል። ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ቦታ ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ሰዓት ያልፋል፣ ሁለት ሰዓት ያልፋል፣ አንዳንድ ጊዜም አራትና አምስት ሰዓት ያልፋል፤ ንባቡ አይነቃነቅም። እንዲያውም አልፎ አልፎ ጥቂት ዲግሪ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ሁሉ እሳቱ አልቀነሰም፣ የምድጃውም አየር 110 ዲግሪ እንደሆነ ነው። አብሳዮቹ ይህን ሁኔታ “ስቶል” ይሉታል፤ መገተር ወይም ቀጥ ብሎ መቆም እንደማለት ነው።

እንግዶች ለራት ተጠርተው ሳለ ቴርሞሜትሩ ከ68 ዲግሪ አልፈቀቅ ቢል ለሙያው አዲስ የሆነ ሰው ከሁለት ነገሮች አንዱን ማድረጉ አይቀርም። ወይ እሳቱን ይጨምራል፣ ያን ጊዜ ውጪው አርሮ ውስጡ ይደርቃል። አለዚያም “እንግዲህ በስሏል” ብሎ ያወጣዋል። በዚህ ደረጃ የወጣ ሥጋ ለጤና የሚያሰጋ አይደለም፤ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ላልተፈጨ የአሳማ ሥጋ 63 ዲግሪ ደርሶ ለ3 ደቂቃ መቆየትን በቂ ብሎታል። ችግሩ ሌላ ነው። ወርች ብዙ የሚሠራ፣ በጅማት የተሞላ የሰውነት ክፍል ስለሆነ በ68 ዲግሪ የወጣ እንደሆነ ጥርስን ይፈታተናል። አብሳዮቹ የሚጠብቁት 93 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ነው።

ታዲያ በእነዚያ ሰዓታት ወደ ሥጋው የሚገባው ሙቀት የት ይሄዳል? ለብዙ ዘመን ሲሰጥ የኖረው መልስ ኮላጅንን የሚጠቅስ ነው። ኮላጅን ጅማትንና የጡንቻን ሽፋን የሚሠራ ጠንካራ ፕሮቲን ሲሆን፣ በውኃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ተፈትቶ ጄላቲን ወደሚባል ለስላሳ ነገር ይለወጣል። ለውጡም በርትቶ የሚታየው ቴርሞሜትሩ በሚቆምበት አካባቢ ነው። ስለዚህ “በረዶ ሲቀልጥ ሙቀት እየተቀበለ በ0 ዲግሪ እንደሚቆይ ሁሉ፣ ሥጋውም ኮላጅኑን እያቀለጠ ባለበት ይቆያል” ይባላል። ማብራሪያው ያማረ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መጽሐፍን ያነበበ ተማሪ ወዲያው ይቀበለዋል። ይሁን እንጂ ምን ያህል ሙቀት እንደሚጠይቅ በቁጥር ካልተፈተነ፣ ያማረ ማብራሪያን ከትክክለኛ ማብራሪያ ለመለየት አይቻልም።

እንግዲህ እናስላ። ለኮላጅኑ አድልተን ከ4 ኪሎ ግራሙ ሥጋ 3 በመቶው፣ ማለትም 120 ግራሙ፣ ኮላጅን ነው እንበል። አንድ ግራም ኮላጅን ቅርጹን ለመፍታት የሚወስደው ሙቀት ከ100 ጁል አይበልጥም። ስለዚህ ኮላጅኑ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢፈታ እንኳ የሚውጠው ሙቀት ቢበዛ 12 ኪሎ ጁል ነው። በሌላ በኩል አንድ ኪሎ ግራም ሥጋን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 3.5 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል፤ ለ4 ኪሎ ግራም 14 ኪሎ ጁል ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ በወርቹ ውስጥ ያለው ኮላጅን በሙሉ ተሰብስቦ የሥጋውን ሙቀት በአንድ ዲግሪ እንኳ ማዘግየት አይችልም። ለአምስት ሰዓት መቆምማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። “ስቡ ሲቀልጥ ነው” የሚለው ሌላው መልስም አያዋጣም፤ የአሳማ ስብ አብዛኛው ክፍል ቴርሞሜትሩ 65 ዲግሪ ሳይደርስ ገና ቀድሞ ቀልጦ አልቋልና።

አሁን ደግሞ ሥጋውን ወደ ምድጃ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ እንመዝነው። ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን አጥቶ ይገኛል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ስብና ጭማቂ ሆኖ የተንጠባጠበ ነው፤ 1 ኪሎ ግራም ያህሉ ግን ተንኖ የሄደ ውኃ ነው ብንል ከእውነቱ ብዙም አንርቅም። በነዚህ የሙቀት ደረጃዎች 1 ኪሎ ግራም ውኃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2,300 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። ይህ የፊዚክስ ተማሪዎች ላተንት ሂት በሚል ስም የሚያውቁት ድብቅ ሙቀት ነው። ሥጋውን በሙሉ ከ4 ወደ 70 ዲግሪ ለማድረስ የሚበቃው ግን 920 ኪሎ ጁል ነው። እንግዲህ ትነቱ የሚወስደው ሙቀት ሥጋውን ለማሞቅ ከዋለው ከእጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። የጠፋው ሙቀት ከላይ ከገጹ እየተነነ በጭስ ማውጫው ሄዷል።

ስሌታችንን በሌላ መንገድ ብናረጋግጠው ደስ ይለናል። 2,300 ኪሎ ጁል ለ10 ሰዓት ሲካፈል በአማካይ 64 ዋት ይሆናል፤ ከቀድሞዎቹ ባለ ክር አምፖሎች የአንዱን ያህል። ምድጃውስ ምን ያህል ያቀርባል? የወርቹ ገጽ ስፋት 0.15 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ያለ ማራገቢያ በራሱ የሚዘዋወር አየር ለአንድ ካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት፣ 10 ዋት ያህል ያስተላልፋል። በ110 ዲግሪው አየርና በ70 ዲግሪው ገጽ መካከል ያለው ልዩነት 40 ነው። ሦስቱን ስናባዛቸው 60 ዋት እናገኛለን። ግምቶቹ ሻካራ ቢሆኑም ገቢውና ወጪው ተቀራርበዋል፤ ገቢና ወጪ እኩል ሲሆኑ ደግሞ የሙቀት መጠን ይቆማል።

ይህን በሙከራ ያሳየው ቀድሞ በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው የፊዚክስ ባለሙያ ግሬግ ብሎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ያደረገው ሙከራ በጣም ቀላል በመሆኑ ለተማሪዎቻችን ደጋግመን እንነግረዋለን። በውኃ የተነከረ ስፖንጅና አንድ ሙዳ ንጹሕ የበሬ ስብ በጭስ ምድጃው ውስጥ አስቀመጠ። የስቡ ሙቀት ያለማቋረጥ ወጣ። የስፖንጁ ግን እንደ ሥጋው ቀጥ ብሎ ቆመ። ስፖንጅ ኮላጅን የለውም፤ ያለው ውኃ ብቻ ነው።

የነገሩ መሠረት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሸክላ እንስራ በፀሐይ ቀን እንኳ ውኃውን ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያቆየው በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ የሚያልበው ውኃ ሲተን ከእንስራው ሙቀት ስለሚወስድ ነው። በምድጃው ውስጥ ያለው ወርችም ባለ 110 ዲግሪ አየር ውስጥ የተቀመጠ እንስራ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እንስራው በደረቅ ቆላ በደንብ እንደሚያቀዘቅዝና እርጥበት በበዛበት የባሕር ዳርቻ ግን እንደማይሆንለት ሁሉ፣ የሥጋውም መቆሚያ ዲግሪ በምድጃው አየር እርጥበት ይወሰናል። የአየሩ እርጥበት በጨመረ መጠን ትነቱ ይዳከማል፣ ሥጋውም ከፍ ባለ ዲግሪ ላይ ይቆማል። ቴርሞሜትሩ እንደገና መውጣት የሚጀምረው የገጹ ውኃ ከውስጥ ሊተካ ከሚችለው በላይ ተንኖ ጥቁርና ጠንካራ ቅርፊት ሲፈጠር ነው።

የተሳሳተው ማብራሪያ ጉዳት የሚያመጣውም እዚህ ላይ ነው። ኮላጅን ነው ብሎ የሚያምን አብሳይ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም። ትነት መሆኑን የተረዳ ግን ሥጋውን በአሉሚኒየም ወረቀት አጥብቆ ይጠቀልለዋል፤ በወረቀቱ ውስጥ ያለው አየር በእንፋሎት ይሞላና ትነቱ ይቆማል፣ ቴርሞሜትሩም ይወጣል። አሜሪካውያን ይህን ዘዴ “የቴክሳስ ምርኩዝ” ይሉታል። ዋጋው ቅርፊቱ መለስለሱ ነው። ሰዓት ይሻላል ወይስ ቅርፊት የሚለው ክርክር በመካከላቸው ዛሬም አላለቀም፤ እኛም አንገባበትም።

ስለ ጭሱ ጥቂት እንበል። ጥሩ አብሳይ የሚፈልገው ስስና ሰማያዊ ጭስ ነው፤ ነጭና ወፍራም ጭስ ሥጋውን ያመርረዋል። ሰማያዊው ጭስ ቅንጣቶቹ ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ያነሱ በመሆናቸው ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጠው ይበትናሉ። በነጩ ጭስ ያሉት ጠብታዎች ግን ትልልቅ ስለሆኑ ሁሉንም ቀለም በእኩል ይበትናሉ። ማለዳ ከጎጆ ጣራ የሚወጣ ጭስ ከጠቆረ ተራራ ፊት ሲታይ ሰማያዊ፣ ከብሩህ ሰማይ ፊት ሲታይ ደግሞ ቡናማ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከተቆረጠ በኋላ በሥጋው ጠርዝ የሚታየው ቀይ ቀለበትም አለመብሰልን አያመለክትም፤ ከእሳቱ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ለሥጋ ቀለም ከሚሰጠው ፕሮቲን ጋር ተዋሕዶ ቀለሙን ስላጸናው ነው። የጭስ ሽታ የሚመጣው ደግሞ በእንጨት ውስጥ ካለው ሊግኒን መበስበስ ነው። የወተት ዕቃቸውን በወይራ የሚያጥኑ እናቶቻችንም የሚጠቀሙት እነዚህኑ ውሁዶች ነው።

ሥጋው በትክክል ሲበስል የትከሻው አጥንት በሁለት ጣት ሲሳብ ንጹሕ ሆኖ ሾልኮ ይወጣል። ቴርሞሜትር የሌላቸው የቀድሞ አብሳዮች መብሰሉን የሚያውቁት በዚህ ነበር። እዚህ ላይ ኮላጅን ክብሩ ይመለስለታል፤ ቴርሞሜትሩን የሚያቆመው እሱ ባይሆንም አጥንቱን ከሥጋው ጋር አጣብቆ የያዘው እሱ ነበር። አጥንቱ ግን አይጣልም። የደቡብ ሰዎች ከባቄላ ዘሮች ወይም ከጎመን ጋር በድስት ይቀቅሉታል። የእኛን ጎመን በሥጋ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ብዙ አይርቀውም። በአጥንቱ ላይ የቀረው ጅማት ጄላቲን ሆኖ መረቁን ያወፍረዋል፣ የጭሱም ጣዕም ወደ ውኃው ይገባል።

በድስቱ ውስጥም ቴርሞሜትሩ ይቆማል፤ ምክንያቱም ያው ትነት ነው። ልዩነቱ በድስት ውስጥ መቆሚያውን የሚወስነው የአየር ግፊት መሆኑ ነው። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ የሆነው የውኃ መፍያ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ወደ 92 ዲግሪ ዝቅ ይላል። የኮላጅን መፈታት በሙቀት መጠን እጅግ ስለሚፈጥን እነዚህ 8 ዲግሪዎች በቀላሉ የሚታዩ አይደሉም። ቅልጥም በደጋ ብዙ ሰዓት የሚፈልገው፣ በግፊት የሚያበስል ድስት ደግሞ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርስ ሥራውን በአጭር ጊዜ የሚጨርሰው ለዚህ ነው።

ከፈላ በኋላ እሳት መጨመር ግን ምንም አያፋጥንም፤ 92 የነበረው 92 ሆኖ ይቀጥላል። የሚጨምረው የከሰሉ ወጪ ብቻ ነው። ከሰል በኪሎ ግራም 30 ሜጋ ጁል ያህል ይሰጣል። ምድጃው ከዚህ ሩቡን ወደ ድስቱ ቢያደርስ፣ ያለ ጥቅም ተንኖ ለሚጠፋ ለእያንዳንዱ ሊትር ውኃ 300 ግራም ያህል ከሰል ይቃጠላል። ስለዚህ ድስቱ ሲፈላ እሳቱን መቀነስና መክደን ይገባል።

ከአራት ወይም ከአምስት ሰዓት በኋላ መረቁ ይጠለልና ወዲያው ቀዝቅዞ በማቀዝቀዣ ያድራል፤ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ቦታ ለረጅም ጊዜ የቆየ መረቅ ለባክቴሪያ የተመቸ ነውና። ጠዋት ስቡ ከላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ከሥሩ ያለው መረቅ ድስቱ ሲነቀነቅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጄላቲኑ በበቂ ሁኔታ ወጥቷል። እንደ ውኃ ከፈሰሰ ግን አጥንቱን መልሶ ለአንድ ሁለት ሰዓት መቀቀል ነው።