የአንድ ወር ንባብና የመስክ ጓዝ



ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ሳለ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት መጨረሻ ላይ አንድ ቀላል የሚመስል ልመና እናገኛለን። በጢሮአዳ ከአክርጳ ዘንድ ትቶት የመጣውን በርኖስ፣ መጻሕፍቱንም፣ ከሁሉ በላይ ብራናዎቹን እንዲያመጣለት ይጠይቀዋል። ጥቂት ዝቅ ብሎም ክረምት ሳይገባ እንዲደርስለት ይማጸነዋል። ብዙዎቻችን ይህን ክፍል እንደ ግል ጉዳይ ቆጥረን ቶሎ እናልፈዋለን። ነገር ግን አንድ የወንጌል መንገደኛ ምን እንደሚያስፈልገው ከዚህ ይልቅ አጥርቶ የሚነግረን የለም። ለገላው የሚያሞቀው፣ ለአእምሮውም የሚያነበው ያስፈልገዋል። ደግሞም ዕቃ ሲረሳ ሥራ እንደሚጓደል፣ ወቅትም እንደማይጠብቅ እንረዳለን።

በዚህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኛ የወር ንባቡንና የመንገድ ጓዙን እንዴት አንድ አድርጎ ሊያዘጋጅ እንደሚችል ለማስረዳት እሞክራለሁ። እንደ ምሳሌ የማቀርበው የራሴን የጥቅምት ወር ነው። አስቀድሜ ግን ይህን ሥርዓት እንድይዝ ያስገደደኝን ጥፋቴን ልናገር።

ስኳር ድንቹ የደረቀበት በልግ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመጋቢት ወር፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ በታች ወደሚገኝ አንድ ቆላ ቀበሌ ተላክሁ። ሥራዬ የገበሬዎቹን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ማስፈረም፣ ተመልሼም ለስኳር ድንች ቁርጥራጭ መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ ማስወጣት ነበር። ሻንጣዬ ሲሞላብኝ ለሰባት መጻሕፍት ቦታ እንዲገኝ ብዬ አጎበሩን አውጥቼ ጉለሌ ቤቴ ተውሁት። ሁለት ሌሊት ያለ አጎበር አደርሁ። ከሰባቱ መጻሕፍት አንዱንም አልገለጥሁም።

በተመለስሁ በአሥራ አንደኛው ቀን ወባ ጣለኝ። ቃለ ጉባኤው በእኔ ቦርሳ፣ እኔም በአልጋ ላይ ቀረን። ኮሚቴው ገንዘቡ ይደርሳል ብሎ ቁርጥራጩን በዱቤ አስቆርጦ ኖሮ፣ ገንዘቡ ሲዘገይ ማከፋፈሉም ዘገየ፤ ክምሩም ከጥላ ሥር ደረቀ። ዝናቡ እኔ እስክድን አልጠበቀም። በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ አንዲት እናት በአስተርጓሚ በኩል እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንተ የተኛህ ጊዜ ማሳችንም አብሮህ ተኝቶ ነበር።» ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ለእኔ ግን ከቁጣ የከፋ ሆነብኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ እንደሚባለው ነው። ከዚያ ወዲህ ጓዜን የምሰበስበው በመሄጃዬ ዋዜማ ሳይሆን ወሩ ሲገባ ነው።

የወሩ ንባብ

ማንበብና መጓዝ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። አባቶቻችንም ዳዊታቸውን በቆዳ ማኅደር ከትተው በትከሻቸው አንግተው ይጓዙ ነበር። ማኅደሩ መጽሐፉን ከዝናብና ከአቧራ ይጠብቀዋል፤ ማንገቻውም እጅን ነጻ ያደርጋል። እንግዲህ ትምህርቱ ከእኛው ቤት አለ ማለት ነው።

1ኛ/ ዕለታዊው ንባብ። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን በመሆኑ ለመዝሙረ ዳዊት እጅግ ይመቻል። በቀን 5 መዝሙር ቢነበብ በ30 ቀን 150ው ይፈጸማል፤ ቀኑን በ5 ማባዛት ብቻ ነው። ለምሳሌ በ12ኛው ቀን ከ56 እስከ 60 ያሉት ይነበባሉ። ጥንቃቄ የሚያሻው 24ኛው ቀን ነው። በዚያ ቀን 176 ቁጥር ያለው መዝሙር 119 ይገኛል። ስለዚህ የረጅም መንገድ ቀን በ24 ባይውል ይመረጣል፤ ከዋለም መዝሙሩን ከፍሎ በ23 መጀመር ነው።

2ኛ/ የሥራው ንባብ። በቀን 10 ገጽ ያነበበ ሰው በወር 300 ገጽ ያነባል። ይህም አንድ ደህና መጽሐፍ ነው። በጥቅምት የመረጥሁት መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያ ገጠር ለረሃብ ስላለው ተጋላጭነት የጻፉትን፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ዘመን የሚመረምረውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1984፣ ማለትም አገራችን ዳግም በታላቅ ረሃብ በተመታችበት ጊዜ ነው። ከእርሱ የምንማረው ድርቅና ረሃብ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ዝናብ መቅረቱ ድርቅ ነው። ገበሬው ጎተራው ባዶ፣ ዕዳው ብዙ፣ የሚሰማውም የሌለው ሆኖ ድርቁ ሲደርስበት ግን ረሃብ ይሆናል። ይህን ያነበበ ሠራተኛ መስክ ሲወርድ «ዝናብ ዘንቧል ወይ?» ብሎ ብቻ አይመለስም። «ከዘሩ ምን ያህል ተረፈ? በሬ የተሸጠ አለ? ብድሩ ከማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

3ኛ/ አጭሩ ንባብ። ለመንገድ የሚስማማው በአንድ መቀመጫ የሚያልቅ ጽሑፍ ነው። እኔ የያዝሁት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችውን ደብዳቤ ነው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ነበሩ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። የደብዳቤው ቁም ነገር ሰው ሙሉ ፍጥረት ስለሆነ የወንጌል ስብከትና የሰው ልማት ተነጣጥለው ሊታዩ አይገባም የሚል ነው። ለልማት ገንዘብ የሚሰጡ ወገኖች የነፍሱን ጉዳይ እንዳይዘነጉት ያሳስባል። ዛሬም ቢሆን የሥጋውን ብቻ ወይም የነፍሱን ብቻ ይዘን ስንሮጥ ይህ ጽሑፍ ያቆመናል።

4ኛ/ የራስ ማስታወሻ። ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ንባብ ይህ ነው። ባለፈው ጉዞ ምን ቃል ገባሁ? ማን ታሞ ነበር? የትኛው የውኃ ቧንቧ ተሰብሮ ነበር? የገጠር ሰው የተነገረውን አይረሳም። እኛ ረስተን ከሄድን ዳግም እንደ አዲስ እንግዳ እንቆጠራለን። ስለዚህ ከመሄዴ ሁለት ቀን በፊት የድሮውን ደብተር አነባለሁ፣ የገባሁትንም ቃል በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ እገለብጣለሁ። ጳውሎስ ብራናዎቹን ለይቶ የፈለገበትን ምክንያት ባናውቅም፣ ለእኔ ብራናዬ ይህ ደብተር ነው።

ሁለት መንገድ፣ ሁለት ሻንጣ

በጥቅምት ሁለት ጉዞ ነበረኝ። የመጀመሪያው ወደ ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢርቅም ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል፤ ከጥቅምት ጀምሮም ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሁለተኛው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ አርባ ምንጭና ወደ ጨንቻ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ጨንቻ ግን ከእርስዋ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትርቅ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ብላ በጭጋግ ተሸፍና ትገኛለች። ጠዋት በሸሚዝ የወጣ ሰው ማታ በርኖስ ይመኛል።

ስለዚህ ልብስ የሚመረጠው እንደ ርቀቱ ሳይሆን እንደ ከፍታው ነው። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ተደራርበው የሚለበሱ ሁለት ሦስት ስስ ልብሶችን መያዝ ይሻላል፤ ሲሞቅ አንዱ ይወልቃል፣ ሲበርድ ይደረባል። ለሌሊት ጋቢን የሚተካ የለም። ብርድ ልብስም፣ ትራስም፣ በመኪና ውስጥ መከለያም ይሆናል። የእኔ ጋቢ ከሰፈሬ ከጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ገበያ የተገዛ ነው። በሽሮ ሜዳ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። እንግዲህ ጨንቻ ስደርስ የምደርበው ጋቢ ወደ ባለሙያዎቹ አገር ተመልሶ ይሄዳል ማለት ነው። እኛ ለእነርሱ ይዘን እንሄዳለን ስንል፣ እነርሱ አስቀድመው አልብሰውናል።

ስለ ወባ ደግሞ ይህን ልብ እንበል። በአገራችን በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ምድር ወባማ ነው። በሽታው የሚበረታው ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ቀጥሎም ከበልጉ ዝናብ በኋላ ነው። አስተላላፊዋ ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ አጎበር ዋና መከላከያ ነው። ከተማ ነው ብሎ መዘናጋትም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ትንኝ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። ከቆላ ተመልሶ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው «ብርድ ነው» ሳይል በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር፤ የት እንደ ነበረም ለሐኪሙ ይንገር።

ጓዜን በሦስት እከፍለዋለሁ።

የመጀመሪያው ከእጄ የማይለየው ትንሽ ቦርሳ ነው። በውስጡ መታወቂያ፣ ለቀበሌው የተጻፈው የትብብር ደብዳቤ፣ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የማኅተም ቀለም፣ ባትሪ፣ የግል መድኃኒትና መጽሐፍ ቅዱስ ይገባሉ። የማኅተም ቀለሙን አንዳንዱ ይንቀዋል። ነገር ግን መጻፍ የማይችሉ ወገኖቻችን የሚፈርሙት በጣታቸው ነው። ቀለሙ ከተረሳ ዝርዝሩ ሳይፈረም ይቀራል፤ ያልተፈረመ ዝርዝር ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።

ሁለተኛው ከመኪናው ፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫነው ሻንጣ ነው። ልብስ፣ አጎበርና የሚያስር ገመድ፣ ነጠላ ጫማ፣ ጭቃ ካለም ቦቲ ጫማ ይይዛል። አጎበሩ ከሁሉ በፊት ይገባል፤ ቦታ ከጠበበ የሚወጣው ሌላ ነው። ወረቀትና መጽሐፍ ሁሉ በፌስታል ተጠቅልሎ ይገባል። በላይ የተጫነ ሻንጣ ሊመታው ስለሚችለው ዝናብ ነጂው ዋስ አይሆንም።

ሦስተኛው ስንቅ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም በሶ ሳይበላሽ ይሰነብታል። ለተቅማጥ ለምለም እየተባለ የሚታወቀውን ንጥረ ነገር ሁለት ሦስት ከረጢት መያዝ ይገባል። እርሱ ከታጣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው በጥብጦ መጠጣት ይረዳል። ጨው ከበዛ ስለሚጎዳ ልኩ ይጠበቅ።

ስለ መጽሐፍስ? ከአንድ የበለጠ አልጭንም። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ማንበብ ያጥወለውላል፤ በዚያ ሰዓት መጽሐፍ ቅዱስን በስልክ ማዳመጥ ይቻላል። ማንበቡ ለማታ ይቆየን። መንገድ ላይ ያነበብነውም ባዶ እንዳይቀር ለአስተናጋጆቻችን አንድ ምዕራፍ ብናነብላቸው ጥሩ ነው። በጨንቻ ያደርሁበት ቤት ልጅ መዝሙሩን ተቀብሎኝ አነበበ፤ ከእኔ ይልቅም ድምፁ ያምር ነበር።

ለጉባኤዎችና ለሠራተኞች

ይህ ሁሉ የሠራተኛው የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። እናንተ በየአጥቢያችሁ የምትሰጡት መዋጮ ወደ መስክ የሚደርሰው በእነዚህ ቦርሳዎች ነው። ስለዚህ ጉባኤዎች ሠራተኛ ስትልኩ «ስንት ቀን ትቆያለህ?» ብላችሁ ብቻ አትሸኙት። «አጎበርህን ይዘሃል? ባለፈው የገባኸውን ቃል አንብበሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። የፕሮጀክት ኃላፊዎችም ከጉዞ በፊት አንድ ቀን ለንባብና ለዝግጅት ብትፈቅዱ ቀኑ እንደ ጠፋ አይቆጠርም። እኔ ያጠፋሁት አንድ ሙሉ የበልግ ዘር ነውና።

በጥቅምቱ ጉዞ እኒያን እናት ዳግም አገኘኋቸው። ከማሳቸው የተነቀለ ስኳር ድንች ቀቅለው አቀረቡልኝ። ከበላን በኋላ ወደ ሻንጣዬ እየተመለከቱ፣ «አጎበሩስ?» አሉኝ። አውጥቼ አሳየኋቸው። ያን ጊዜ ሳቁና፣ «እንግዲያስ የዘንድሮውን ጉዳይ እንነጋገር» አሉ።

ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።